ጎሣ የሌለው መንገድ፦ የመኪና አደጋና የዳኝነት ታሪክ በአርሲ ደጋ

መግቢያ

በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በተሽከርካሪ አደጋ ሕይወቱን ያጣል። ከሟቾቹም መካከል ትልቁን ድርሻ የሚይዘው በመኪና ውስጥ የተቀመጠው ተሳፋሪ ሳይሆን በመንገድ ዳር በእግሩ የሚሄደው ሰው ነው። ይህ ነገር ለማኅበሩ አባላት አዲስ አይደለም። ብዙ ጊዜ የማይመረመረው ከአደጋው በኋላ የሚከተለው ነው። ሟቹ ከተቀበረ በኋላ በደሙ የሚጠየቀው ማን ነው? የሟቹ ቤተሰብ ምን ያገኛል? በዚያው ስፍራ ሁለተኛ ሰው እንዳይሞትስ ኃላፊነቱ የማን ነው?

ለዚህ ጥያቄ የአሰላና የአርሲ ደጋ አካባቢ ጥሩ የመመርመሪያ ስፍራ ይሆናል። በዚያ አካባቢ ሦስት የተለያዩ የዳኝነት መንገዶች በአንድ አደጋ ላይ ጎን ለጎን ሲሠሩ ይታያሉ። አንደኛው ከመኪናው በብዙ ዘመን የሚቀድመው የአርሲ ኦሮሞ የጉማ ሥርዓት ነው። ሁለተኛው ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋው የተጻፈ የወንጀልና የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሦስተኛው በ2000 ዓ.ም. የታወጀው የሦስተኛ ወገን የመድን ግዴታ ነው። ሦስቱም እያንዳንዳቸው ተገቢ ሥራ አላቸው። ይሁን እንጂ ሦስቱም የሚጠይቁት «ማን ገደለ?» እና «ማን ይክፈል?» ብለው ነው። «ስለ ምን በዚህ ስፍራ ሞተ?» ብሎ የሚጠይቅ አራተኛ ዳኛ እስከ ዛሬ አልተሾመም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስቱ እንዴት እንደ መጡ በአጭሩ ተርኮ፣ አራተኛው እንዴት ሊቋቋም እንደሚችል ማመልከት ነው።

፩. መንገዱ

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚያመራው መንገድ በአዋሽ መልካሳ አጠገብ የአዋሽን ወንዝ ይሻገርና በዴራና በኢተያ በኩል ወደ አሰላ ይወጣል። ርዝመቱ ወደ 75 ኪሎ ሜትር ነው። ከስምጥ ሸለቆው ወለል ተነሥቶ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ወደሚደርሰው ደጋ ስለሚወጣ፣ ከአሰላ ወደ አዳማ የሚመለሰው የጭነት መኪና ረጅም ቁልቁለት ይጠብቀዋል። ከአሰላ በኋላም መንገዱ በሳጉሬ፣ በበቆጂና በአሳሳ አድርጎ ወደ ዶዶላና ወደ ባሌ ይዘልቃል።

በዚህ ደጋ ላይ ከመኪናው በፊት የነበረው መጓጓዣ ፈረስ ነው። በአርሲ ወንዱም ሴቱም ፈረስ ይጋልባል። ገበያ፣ ለቅሶና ሠርግ የሚኬደው በፈረስ ወይም በእግር ነበር። ኋላም በከተሞቹ ጋሪ ተስፋፋ። ፈረስ የሚጎትተው ጋሪ ከሰው ሩጫ እምብዛም አይፈጥንም። ጋሪ የገጨው ሰው ይቆስል ይሆናል እንጂ በአብዛኛው አይሞትም። ስለዚህም መንገድና ሰፈር፣ ገበያና መተላለፊያ ተለይተው ባይቀመጡ በዚያን ዘመን ትልቅ ጉዳት አልነበረውም።

የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ባንክ ጋር የተዋዋለው በመስከረም 1943 ዓ.ም. ነበር። ለመንገድ ሥራ የተመደበው 5 ሚሊዮን ዶላር ባንኩ ለአፍሪካ አገር ካበደራቸው ገንዘቦች የመጀመሪያዎቹ ውስጥ ነው። በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። የባለሥልጣኑ የመጀመሪያ ሥራ ጣሊያኖች የሠሯቸውንና በጦርነቱ ጊዜና ከዚያም በኋላ የተበላሹትን መንገዶች መጠገን ነበር። በዚያን ጊዜ የመንገድ ችግር የሚለካው ክረምት ከበጋ መኪና ማሳለፍ በመቻሉና ባለመቻሉ ነበር እንጂ ስለ እግረኛው የተነሣ ጥያቄ አልነበረም።

ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመኪና አነዳዷን ከግራ ወደ ቀኝ ለወጠች። ስዊድን ተመሳሳይ ለውጥ ያደረገችው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 28 ቀን 1959 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጥቂት ቀናት በኋላ፣ 1960 ዓ.ም. ሊብት ሲል፣ የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን ለማቋቋም ተፈራረሙ። በእንግሊዝኛ ስሙ ምህጻረ ቃል «ካዱ» ተብሎ የሚታወቀው ይህ ድርጅት ማዕከሉን አሰላ ላይ አደረገ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አከፋፈለ፤ እህልና ወተት እየሰበሰበ ለገበያ አቀረበ፤ በእርሻ መሣሪያ ምርምር ክፍሉም የተሻሻሉ ማረሻዎችንና ጋሪዎችን ፈተሸ። ይህ ሁሉ ሥራ በመንገድ ላይ የቆመ ስለ ነበረ ጭላሎ በአጭር ጊዜ ውስጥ የጭነት መኪናና የትራክተር አገር ሆነ። የስንዴው ትርፍ ባለ መሬቶችን ወደ ትራክተር እርሻ ስለ ሳበም ብዙ ጭሰኞች ከመሬታቸው ተነቀሉ። ይህ ግፍ የተቋረጠው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። በ1968 ዓ.ም. ካዱ የአርሲ ገጠር ልማት ድርጅት ተብሎ ሥራው ከጭላሎ አውራጃ ወደ መላው ክፍለ ሀገር ተስፋፋ። በ1978 ዓ.ም. ገደማም የመንደር ምሥረታ ዘመቻ በአርሲ በሰፊው ሲካሄድ፣ ተበታትኖ ይኖር የነበረው ገበሬ ለመንገድና ለአገልግሎት ይቀርባሉ በተባሉ ቦታዎች እንዲሰባሰብ ተደረገ።

በ1989 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የመንገድ ዘርፍ ልማት መርሐ ግብር የአገሪቱን የመንገድ ርዝመት ከ26 ሺህ ኪሎ ሜትር ጥቂት ከሚበልጥ አንሥቶ በሃያ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ከመቶ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ አድርሶታል። የዚህን ጥቅም መካድ አይቻልም። በአርሲ ዶዶታ ወረዳ የሚገኘውን የቆሮ ደጋጋን መንደር ጨምሮ በአሥራ አምስት የኢትዮጵያ መንደሮች ላይ የተደረገና በ2001 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ማግኘት ድህነትን በ6.9 የመቶኛ ነጥብ እንደሚቀንስ አሳይቷል። መንገድ ለአርሲ ገበሬ እንጀራ ነው። ስለዚህ በመንገድ ላይ የሚፈሰውን ደም የሚመለከት ጽሑፍ መንገድን የሚቃወም ሊሆን አይችልም። ጥያቄው መንገዱ ሲሠራ ያልተሠራው ነገር ምንድን ነው የሚል ነው።

ያልተሠራው ነገር ወደ ቦታው ሲኬድ በቀላሉ ይታያል። ዴራም ሆነች ኢተያ፣ ሳጉሬም ሆነች በቆጂ ግራና ቀኝ በመንገዱ ዳር የተዘረጉ ከተሞች ናቸው። አገር አቋራጩ ጎዳና ለከተማይቱ ዋና መንገድ፣ የገበያ መተላለፊያ፣ የተማሪ መመላለሻ፣ የጋሪና የባጃጅ ማቆሚያ ነው። በመከር ወራት ደግሞ የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነሮች ይጓዙበታል። በማለዳ ሯጮች ይለማመዱበታል። አሰላ አጠገብ የተወለደው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት አሥር ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይሄድ እንደ ነበር ዓለም ያውቀዋል፤ ሲሮጥ የግራ ክንዱን ወደ ደረቱ የሚያስጠጋው ደብተር ይዞ ከመሮጥ የቀረ ልማድ ነው ይባላል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለጀግንነቱ ነው። ለመንገድ ባለሙያ ግን ሌላ መረጃ ይሰጣል፤ የአርሲ ልጅ በእግሩ ረጅም ርቀት የሚጓዝ መንገደኛ ነው፤ መንገዱም የመጀመሪያ ተገልጋዩ እርሱ እንደ ሆነ ታስቦ መሠራት ነበረበት።

፪. ጉማ

በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሰው ሲሞት ነገሩ የገዳዩና የሟቹ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የሁለት ጎሣዎች ጉዳይ ይሆናል። ጉማ ማለት የደም ካሳ ሲሆን፣ ካሳው የሚከፈልበትንና እርቁ የሚፈጸምበትን ሥርዓት በሙሉ ያጠቃልላል። ደም ከፈሰሰ በኋላ ገዳዩ ከአካባቢው ይርቃል። የአገር ሽማግሌዎች በመካከል ገብተው በቀልን ያስታግሣሉ። የሟቹ ወገን ቁጣው በረድ ሲልለት ንግግሩ ይጀመራል። ሆን ብሎ መግደልና ሳያስቡ መግደል እኩል አይታዩም። ካሳው በቀድሞው ዘመን በከብት ይቆጠር ነበር፤ በኋላ ጊዜ ገንዘብ እየተተካ መጥቷል። የሚከፍለውም ገዳዩ ብቻውን ሳይሆን ጎሣው አዋጥቶ ነው። በመጨረሻም ሁለቱ ወገኖች በአንድ ማዕድ ቀርበው ደሙን ያደርቃሉ።

ከጉማ ጋር አብሮ የሚነሣ ሌላ ሥርዓት ሲንቄ ነው። ሲንቄ ሴት ልጅ ስትዳር የምትቀበለው በትር ነው። ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በተጣሉ ወገኖች መካከል ሲቆሙ ጠቡ መቆም አለበት፤ አልፎ መሄድ ነውር ብቻ ሳይሆን እርግማን የሚያስከትል ጥፋት ነው። በዚህም ሥርዓት በሽማግሌዎቹ ጉባኤ ላይ የማይቀመጡት ሴቶች ደም እንዳይፈስ የማዘዝ ሥልጣን ነበራቸው።

ለምሕንድስና ባለሙያ ከዚህ ሥርዓት ውስጥ እጅግ ጠቃሚው ነገር የጎሣው አዋጥቶ መክፈል ነው። ሲታይ ሸክምን የመካፈል ደግነት ብቻ ይመስላል። በውስጡ ግን የመከላከል ብልኃት አለ። ለአንድ ጠበኛ አባሉ ከብቱን ነድቶ የሚከፍል ጎሣ ያን ሰው ከጠብ በፊት ይጠብቀዋል፤ ይመክረዋል፤ ካስፈለገም መሣሪያውን ይቀማዋል። ካሳው የሚከፈለው ጥፋት ለመከልከል ዐቅም ባለው ወገን ስለ ሆነ፣ ያ ወገን ጥፋቱን አስቀድሞ ለመከልከል ይነሣሣል።

መኪናው ሲመጣ ይህ ትስስር ተናጋ። ሾፌሩ ብዙ ጊዜ ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ ጎሣው በአርሲ የለም። ባለንብረቱ በአዲስ አበባ ወይም በአዳማ ተቀምጧል። ሾፌሩ ሰው ሲገጭ በቀልን ፈርቶ ከስፍራው ይሸሻል፤ ዕድለኛ ከሆነም ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይደርሳል። ሽማግሌዎቹ ግን ሥርዓቱን አልተዉትም፤ አስፍተው ሠሩበት። የሾፌሩ ዘመዶች፣ ባለንብረቱና የሥራ ጓደኞቹ አንድ ላይ ሆነው እንደ ጎሣ እንዲቆሙ ተደረገ። ሽምግልና ይላካል፤ ካሳ ይቆረጣል፤ እርቅ ይወርዳል። በዚህም ስንት በቀል እንደ ቀረ የቆጠረ የለም እንጂ ጥቅሙ የሚያጠያይቅ አይደለም። የሟች ቤተሰብም ከፍርድ ቤት ብዙ ዘመን የሚጠብቀውን ገንዘብ በጥቂት ወራት ውስጥ ያገኛል።

ጉድለቱም መነገር አለበት። ካሳው የሚሰጠው ለሟቹ ወገን ስለ ሆነ ከዚያ ውስጥ ለመበለቲቱና ለልጆቿ የሚደርሰው ምን ያህል እንደ ሆነ በሽማግሌዎቹ ፍትሐዊነትና በዘመዶቿ ደግነት ላይ የተመሠረተ ነው። ጎሣው ብርቱ የሆነው ሟች የሚያገኘውን ያህል ወገን የሌለው ድኃ አያገኝም። ከሁሉም የሚከፋው ግን እርቁ ሲወርድ ነገሩ ተፈጽሟል መባሉ ነው። የተጣሉት ሰዎች ይታረቃሉ፤ ሰው የሞተበት መታጠፊያ ግን እንደ ነበረ ይቀራል።

፫. የተጻፈው ሕግ

ስዊሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም. ታወጀ። በቸልተኝነት ሰው መግደል በዚህ ሕግ የሾፌሩ የግል ወንጀል ሆነ። የጎሣ አላፊነት በሕጉ ፊት ስፍራ አልነበረውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህንኑ መሠረት ይዞ ቅጣቱን ዘርዝሮታል። በአንቀጽ 543 መሠረት በቸልተኝነት ሰው የገደለ ሰው በቀላል እስራት ሊቀጣ ሲችል፣ ግልጽ የሆነ ደንብ ሆን ብሎ በመጣስ፣ በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ራሱን ስቶ፣ ወይም ከአንድ በላይ ሰው የገደለ እንደ ሆነ ከ5 እስከ 15 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ሕጉ በአንቀጽ 82 ደግሞ በእውነት ተጸጽቶ የጉዳቱን ካሳ ለከፈለ ጥፋተኛ ቅጣት እንዲቀነስ ይፈቅዳል። በዚህ አንቀጽ በኩል ጉማ ስሙ ሳይጠራ ወደ ፍርድ ቤቱ ይገባል፤ የእርቅ ሰነድ ለዳኛው ይቀርባል፤ ቅጣቱም ይቀልላል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከወንጀለኛ መቅጫው ይልቅ ለጉማ የቀረበ መንፈስ አለው። በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለንብረት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት አላፊ እንዲሆን ይደነግጋል። ይህ በሌላ ቋንቋ የጎሣ አላፊነት ነው ለማለት ይቻላል፤ የሚከፍለው መሪውን የያዘው ሰው ብቻ ሳይሆን ከመኪናው የሚጠቀመውና መኪናውን የመቆጣጠር ዐቅም ያለው ነው። ሕጉ ስለ ኅሊና ጉዳት ሲናገርም ዳኛው የአካባቢውን ልማድ እንዲመለከት ያመለክታል። ሆኖም ወዲያውኑ፣ ይህ ካሳ በማናቸውም ሁኔታ ከአንድ ሺህ ብር እንዳይበልጥ ይገድባል። በ1952 ዓ.ም. አንድ ሺህ ብር ከባድ ገንዘብ ነበረ። ቁጥሩ በሕጉ ውስጥ እንደ ተጻፈ ቀርቶ የብሩ የመግዛት ዐቅም በየዘመኑ ሲወድቅ ግን፣ ልጁን በመኪና ያጣ አባት ለኅሊናው ጉዳት በሕግ የሚያገኘው አንድ በግ የማይገዛ ገንዘብ ሆነ። ሰዎች ከፍርድ ቤት ይልቅ ወደ ሽማግሌ የሄዱት ልማድን ስለ ወደዱ ብቻ አልነበረም፤ የሽማግሌው ሒሳብ ከዘመኑ ጋር ስለሚራመድ ነው።

በ2000 ዓ.ም. የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ ሆነ፤ አዋጁም በ2005 ዓ.ም. በሌላ ተተካ። በዚህ ሥርዓት ያለ መድን መኪና ማንቀሳቀስ ተከለከለ። ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን በሌለው መኪና ለተጎዳ ሰው ካሳ የሚሰጥ ፈንድ ተቋቋመ። የተጎዳውም ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ተደነገገ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። መድን ማለት በአገሪቱ ያሉ ባለመኪኖች ሁሉ የሚያዋጡበት ሰፊ ጎሣ ነውና። ነገር ግን ለጠንቃቃውና ለቸልተኛው፣ ለአደገኛው መንገድና ለደኅናው መንገድ የሚዋጣው አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ማዋጣቱ ብቻ ይቀራል፤ የጎሣው ጠባቂነት አይኖርም።

በ2013 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል የባህል ፍርድ ቤቶችን የሚያቋቁምና ዕውቅና የሚሰጥ አዋጅ ቁጥር 240 አወጣ። የባህል ዳኝነት በዚህ አዋጅ የመዝገብና የማኅተም ባለቤት ሆነ። ይህ ለኋላ ለሚቀርበው አሳብ አስፈላጊ ነው፤ ቃል በቃል ይፈጸም የነበረው እርቅ ከእንግዲህ ሊጻፍና ሊቆጠር ይችላልና።

፬. ያልተጠየቀው ጥያቄ

አንድ ሚኒባስ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄደ ወደ አንዲት የመንገድ ዳር ከተማ ገባ እንበል። ሕፃን ወደ መንገዱ ስትገባ ሾፌሩ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት መኪናው በዚያ ጊዜ ውስጥ 33 ሜትር ይጓዛል። ፍሬኑ በደረቅ አስፋልት በደንብ ቢይዝለት እንኳ ለመቆም ሌላ 41 ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ በጠቅላላው 74 ሜትር መሆኑ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን 37 ሜትር፣ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ግን ከ20 ሜትር በታች ይበቃዋል። ሕፃኗ ከመኪናው በ40 ሜትር ርቀት ላይ ብትሆን በ50 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ሾፌር ለጥቂት ይቆማል። በ80 የሚሄደው ግን ፍሬኑ ገና መያዝ ሲጀምር ይደርስባታል። በዝናብ፣ በቁልቁለት ወይም በጭነት ጊዜ እነዚህ ርቀቶች ይረዝማሉ፤ የአርሲ ክረምት ከእነዚህ ሁሉ ጋር ጉም ይጨምራል።

ከዚህ ሞት በኋላ ፍርድ ቤቱ የሾፌሩን ፍጥነት መርምሮ ይፈርዳል። ሽማግሌዎቹ ያስታርቃሉ። መድን ይከፍላል። ሦስቱም ትክክል ሠርተዋል። ነገር ግን በዚያች ከተማ መግቢያ ላይ ፍጥነት እንዲቀንስ የሚያስገድድ ነገር ለምን አልነበረም? ተማሪዎቹ የሚሄዱበት የእግረኛ መንገድ የት አለ? ጋሪዎቹ በመንገዱ ትከሻ ላይ የቆሙት ሌላ ማቆሚያ ስላልተሰጣቸው አይደለምን? ሾፌሩ ለምን ቸኮለ? በብዙ ሚኒባሶች ሾፌሩና ረዳቱ ለባለንብረቱ የዕለት ገቢ አስገብተው የሚተርፋቸውን ይካፈላሉ። ምልልስ በጨመሩ ቁጥር ድርሻቸው ይጨምራል፤ ትርፍ በጫኑ ቁጥርም እንዲሁ። እንዲህ ባለ ውል የሚሠራ ሰው በመናኸሪያ ተራ ጥበቃ ያጠፋውን ሰዓት በመንገድ ላይ በፍጥነት ለመመለስ ይሞክራል። ቸልተኝነቱ የራሱ ነው፤ ችኮላው ግን የተገዛ ነው።

የመንገድ ማጓጓዣ አስተዳደር ታሪክም ይህን ጥያቄ ሲዘልለው ይታያል። በደርግ ዘመን መኪናዎች በቀጠና ተደልድለው በስምሪት እንዲሠሩ ተደረገ። በ1984 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ያ ቁጥጥር ላልቶ ማኅበራት ተደራጁ። የሁለቱም ሥርዓቶች ክርክር መኪናው የማን ይሁን፣ በየትኛው መሥመር ይሰማራ፣ ታሪፉ ስንት ይሁን የሚል ነበር። ሾፌሩ እንዴት ይከፈለው፣ ተሳፋሪው የት ይውረድ፣ እግረኛው በየት ይሂድ የሚለው ለሁለቱም የኋላ ጉዳይ ሆኖ ቀረ።

፭. ከስዊድን የተገኘ ሁለተኛ ትምህርት

ካዱን ከኢትዮጵያ ጋር ያቋቋመችው ስዊድን፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለመንገድ ባለሙያዎች ሌላ ትምህርት ሰጠች። የአገሪቱ ምክር ቤት በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ በጥቅምት 1997 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ በመንገድ አደጋ የሚሞትና ክፉኛ የሚጎዳ ሰው ቁጥር ወደ ምንም እንዲወርድ የሚያልም መመሪያ አጸደቀ። የመመሪያው ፍሬ ነገር አንድ ነው። ሰው ይሳሳታል፤ ስለዚህ መንገዱን የሚሠራውና ትራፊኩን የሚያስተዳድረው ወገን የሰው ስሕተት ሞት እንዳያስከትል አድርጎ ማዘጋጀት ግዴታው ነው። ሾፌሩ ደንብ እንዲያከብር ይጠየቃል፤ እርሱ ሳያከብር ሲቀር ግን አላፊነቱ ተመልሶ ወደ አሠሪው ይመጣል። እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ስፍራ ፍጥነት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ የሚለው ደንብ የመነጨው ከዚህ ነው፤ የሰው አካል ሊቋቋም የሚችለው ግጭት በዚያ ገደብ አካባቢ ነውና።

ይህ አሳብ ከአርሲ የራቀ አይደለም። ካሳ የሚከፍለው ጥፋትን ለመከልከል ዐቅም ያለው ወገን ይሁን የሚለው የጉማ ብልኃት ያው ነው። ልዩነቱ በስዊድን መንገዱ ጎሣ ማግኘቱ ነው። በአርሲ ሾፌር ጎሣ ተፈልጎለታል፤ ለመኪናው ባለንብረት በሕግ ተገኝቶለታል፤ መንገዱ ግን እስከ ዛሬ ጎሣ የለውም። ሰው ሲሞትበት የሚጠራ፣ ሽምግልና የሚላክበት፣ «እኛ ወገን ነን» ብሎ የሚቆም የለም።

፮. ምን ሊደረግ ይችላል

ቀጥሎ የሚቀርቡት አሳቦች አዲስ ሚኒስቴርም ሆነ ከባድ ብድር የሚጠይቁ አይደሉም።

አንደኛ፣ የስፍራ መዝገብ። በእያንዳንዱ ወረዳ የደረሰ የሞት አደጋ ሁሉ፣ ሾፌሩ ጥፋተኛ ቢባልም ባይባልም፣ በኪሎ ሜትርና በሜትር ስፍራው ተለይቶ በአንድ ካርታ ላይ ይመዝገብ። የፖሊስ መዝገብ፣ የሆስፒታል መዝገብና የባህል ፍርድ ቤቶች የእርቅ መዝገብ በየሦስት ወሩ ይመሳከሩ። ለፖሊስ ያልተነገረ ሞት በእርቅ መዝገብ ላይ ሊገኝ ይችላል። በአንድ ስፍራ ሁለተኛ ሰው ሲሞት ስፍራው ራሱ ተከሳሽ ሊሆን ይገባል።

ሁለተኛ፣ የመንገድ አፈርሳታ። በቀድሞው ዘመን ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደ ሆነ የአካባቢው ሰው በአፈርሳታ ተሰብስቦ ይመካከር ነበር። ያ ሥርዓት ሕዝቡን ከሥራው ያስቀር፣ ንጹሑንም ያስጨንቅ ስለ ነበረ መቅረቱ አያስቆጭም። መሰብሰቡ ግን መልካም ሥር አለው። ሰው በሞተ በ30 ቀን ውስጥ የመንገድ መሐንዲሱ፣ የትራፊክ ፖሊሱ፣ የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ፣ የከተማው ማዘጋጃ ቤትና የአካባቢው ሽማግሌዎችና ሴቶች በአደጋው ስፍራ ተገናኝተው «ስለ ምን እዚህ?» ብለው ይጠይቁ። በዚህ ጉባኤ የሚጣል ቅጣት አይኑር፤ ውጤቱ አንድ ገጽ የሥራ ትእዛዝ ይሁን፤ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ ይጻፍበት። ሲንቄ የያዙ እናቶች በዚህ ስፍራ ቢቆሙ የጥንት ሥልጣናቸው አዲስ ጥቅም ያገኛል።

ሦስተኛ፣ የከተማ መግቢያ። ምልክት ብቻውን ፍጥነት አይቀንስም። ከዴራ ጀምሮ እስከ በቆጂ ድረስ በእያንዳንዱ ከተማ መግቢያና መውጫ ላይ በልክ የተሠራ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ከፍ ያለ የእግረኛ ማቋረጫ፣ በሁለቱም ወገን የእግረኛ መንገድ፣ ከመንገዱ ትከሻ ውጭ የሆነ የጋሪና የባጃጅ ማቆሚያ ይኑር። የመንገድ ጥገና ውል ሲፈረም እነዚህ እንደ ትርፍ ሥራ ሳይሆን እንደ አስፋልቱ ውፍረት የውሉ አካል ሆነው ይገቡ።

አራተኛ፣ የሾፌር ክፍያ። የሕዝብ ማመላለሻ ማኅበራት ፈቃድ ሲታደስ ለሾፌርና ለረዳት ቋሚ ደመወዝ የሚከፍሉ ይቅደሙ። ከመናኸሪያ መነሻና መድረሻ ሰዓት ይወሰን፤ ከተወሰነው ሰዓት ቀድሞ መድረስ እንደ ጥፋት ይቈጠር። ለመድን የሚከፈለውም አረቦን የማኅበሩን የአደጋ ታሪክ እየተከተለ ከፍና ዝቅ ይበል። ያን ጊዜ ማኅበሩ ለአባሉ እንደ ጎሣ ይጠነቀቃል።

አምስተኛ፣ ጉማና ፍርድ ቤት። እርቅ በጽሑፍ ሲሰፍር ለመበለቲቱና ለልጆቹ የሚደርሰው ድርሻ ተለይቶ ይጻፍ፤ ዳኛውም ቅጣት ከመቀነሱ በፊት ድርሻው መድረሱን ይጠይቅ። በሕግ የተወሰነ የካሳ ልክ ሁሉ በየጊዜው ከገንዘቡ ዋጋ ጋር እየታየ የሚሻሻልበት ሥርዓት ይኑር፤ የ1952 ዓ.ም. አንድ ሺህ ብር ትምህርት ይሁን። ፍርድ ቤቱም በሞት አደጋ ላይ የሰጠው ውሳኔ ግልባጭ ለመንገዱ አስተዳዳሪ እንዲደርሰው ያድርግ።

በእነዚህ አሳቦች ላይ ሊነሣ የሚችል ተገቢ ተቃውሞ አለ። መንገድን መክሰስ ቸልተኛውን ሾፌር ነጻ ማውጣት አይሆንምን? አይሆንም። አንድ ድልድይ ሲፈርስ የተቋራጩ ጥፋት መመርመሩ የንድፉን ስሕተት ከመመርመር አያግድም፤ ሁለቱም ይመረመራሉ። ሾፌሩ በአንቀጽ 543 ይጠየቃል፤ መንገዱ በስፍራ መዝገቡ ይጠየቃል። አንዱ ምርመራ ሌላውን ያሟላዋል። ሾፌሩን ብቻ ቀጥቶ መታጠፊያውን እንዳለ መተው ግን ለሚቀጥለው ሾፌር ወጥመድ ትቶ መሄድ ነው።

መደምደሚያ

የአርሲ ደጋ ሰባ ዓመት በሚያህል ጊዜ ውስጥ ከፈረስ መንገድ ወደ አስፋልት ተሸጋግሯል። በዚህ ዘመን ዳኝነቱም ባለበት አልቆመም። ሽማግሌዎቹ ጉማን ለመኪና እንዲሆን አድርገው አስፍተውታል፤ ሕግ አውጪዎቹ የባለንብረትን አላፊነት ደንግገዋል፤ መድን ግዴታ ሆኗል። እያንዳንዱ ሙያ ድርሻውን አዋጥቷል ለማለት ይቻላል። ሳያዋጣ የቀረው መንገዱን የሚነድፈው፣ የሚሠራውና የሚቆጣጠረው ሙያ ነው። የዚህ መጽሔት አንባቢዎች በአብዛኛው የዚያ ሙያ ባለቤቶች ናቸው። በአሰላ መንገድ ላይ ሰው ሲሞት ሽማግሌ ሊልኩበት የሚገባው፣ ጎሣ ሆኖ በስፍራው ሊቆምና መታጠፊያውን ሊያስተካክል የሚገባው ወገን በቅድሚያ እነርሱ ናቸው።